ከሰባት ሰዓት በኋላ የሚጠፋው መስመር

ሥራ የጀመርኩት ጭሮ ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ነው የምትላት። የመጀመሪያው ቀን የቴሌ መስመር ሠራተኞች አለቃ የነበሩት አቶ መኮንን የወገብ ቀበቶ፣ ፒንሳና የመስመር መፈተሻ ስልክ አስረከቡኝ። "ደንበኛው ቤት ገብተህ ሞክር። ከሠራ አስፈርምና ውጣ" አሉኝ። ብዙ ዓመት እንደዚያው አደረግሁ። በአብዛኛው ያስኬድ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ከሚኤሶ አንድ አቤቱታ መጣ። ሐያት የምትባል መምህርት ናት፤ ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ሁለተኛ ዲግሪዋን በርቀት ትማራለች። የቤቷ ኢንተርኔት በየቀኑ ይቋረጣል። ስታመለክት ይህ አራተኛዋ ነው። የቀደሙት ሦስቱም አቤቱታዎች "ተስተካክሏል" ተብለው ተዘግተዋል። የመጨረሻውን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

በማለዳ ሚኒባስ ወደ ሚኤሶ ወረድኩ። ሐያት በሩን ከፍታ ስታየኝ ፊቷ ጠቆረ።

"ደግሞ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

የሞደሙ መብራቶች ሁሉ አረንጓዴ ናቸው። ላፕቶፗን ከፍታ ሞከረችው፤ ይሠራል። ቅጹን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"አልፈርምም" አለች። "ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት የመመረቂያ ጽሑፌን ለመምህራኖቼ በቪዲዮ አቀርባለሁ። ከተቋረጠ ለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚሉኝ። የሞባይሉን ኔትወርክ እርስዎም ያውቁታል።"

አባቷ ኦቦ አብደላ ጥግ ተቀምጠው ሲሰሙን ቆዩ። "እናንተ ጠዋት ትመጣላችሁ፤ ይሠራል፤ ትሄዳላችሁ። ፀሐይ ሲበረታ ይጠፋል። ከሰባት ሰዓት በኋላ መጥታችሁ ታውቃላችሁ?" አሉኝ።

የቀደሙትን አቤቱታዎች ቅጾች ከቦርሳዬ አውጥቼ አየሁ። በሦስቱም ቅጾች ላይ የተጻፈው ሰዓት ከረፋዱ አራት በፊት ነበር።

ወደ ጭሮ ደወልኩ። ያኔ የጥገና ኃላፊያችን ሰላማዊት የምትባል ወጣት ነበረች።

"ጋሼ፣ መስመሩ እየሠራ ምን ይጠብቃሉ? ሂርና ሁለት ቤት አለብዎት።"

"ሂርና ለነገ ይደር። ሲጠፋ ካላየሁት አልመለስም" አልኳት።

"እሺ፣ የሂርናዎቹን እኔ አናግራቸዋለሁ" አለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የሞደሙ መብራት ቀላ። "ይኸው" አለች ሐያት፣ ቀስ ብላ። ብልሽት በማየቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መስመሩን ተከትዬ አስፋልቱ ዳር እስካለው ምሰሶ ሄድኩ። መሰላል ከጎረቤት ተዋስን። ላይ ያለው የብረት ሳጥን እጅ ያቃጥላል። ውስጡ አንድ አሮጌ የሽቦ መጋጠሚያ ላልቷል፤ ጠዋት በቅዝቃዜው ይገናኛል፣ ሙቀቱ ሲጠና ይላቀቃል። በጣቴ ስጫነው ኦቦ አብደላ ከበራቸው ሆነው "መጣ" አሉ። ስለቀው "ሄደ" አሉ።

ቆርጬ በአዲስ መጋጠሚያ አሰርኩት። ግን ወዲያው አልሄድኩም። ኦቦ አብደላም አላመኑም፤ ወንበር ስበው ሞደሙ ፊት ተቀመጡ። አሥር ሰዓት ላይ ተነሡና፣ "አልሐምዱሊላህ። አሁን ትፈርማለች" አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጭሮ ውስጥ ምሰሶ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ወርጄ መልሼ ደወልኩ።

"አለፍኩ" አለች ሐያት። "አንዴ እንኳ አልተቋረጠም።"

ምሰሶው ሥር ቁጭ አልኩ። እነዚያን ቀናት ምን ያህል ተጨንቄ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ አቤቱታ ስቀበል መጀመሪያ የምጠይቀው በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ሆነ። ለአዲስ ሠራተኞችም የምላቸው ይህንኑ ነው፦ መስመር የሚፈተሸው በሚጠፋበት ሰዓት እንጂ ለእኛ በሚመቸን ሰዓት አይደለም።