ደመና ያጣ ሰማይ

እህቴ ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተድራ ከወረደች ዓመት ሊሞላት ነበር። ከዚያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ለእናቴ የሚነግራት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደኅና ናት።» እናቴን ይህን ቃል መስማት አስፈርቷት ነበር። የእሷም ታላቅ እህት ድሮ ቆላ ተድራ በወባ ስትሞት፣ መርዶው እስኪመጣ ድረስ ሰው ሁሉ «ደኅና ናት» ይል ነበርና።

እናቴ ራሷ እንዳትሄድ ጉልበቷ ቁልቁለቱን አይችልም። አባባም እንዳይሄዱ ገብሱ ሊደርስ ነው። ስለዚህ በግ ሊሸጡ ከሚወርዱ ጎረቤቶቻችን ጋር እኔ እንድሄድ ተወሰነ።

«አንቺ እንደሆንሽ ተናገሪ ሲሉሽ መሬት መሬቱን ነው የምታዪው» አለችኝ እናቴ። «ቤቷን ሥዪልኝ። እኔው ዓይቼ ልወቅ። ደኅና ካልሆነች አባትሽ በቅሎ ጭነው ሄደው ያመጧታል።»

እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር ከሁሉ የምወደው ሥዕል ነበር። አንድ ፓኬት የቀለም እርሳስ አለኝ። ወረቀቴ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ የተሠራው ትምህርት ቤታችን ሲገነባ የተረፈ የሲሚንቶ ከረጢት ነው። አራግፌ በንጹሑ በኩል እቆርጠዋለሁ። ቡናማ ስለሆነ መሬትና ግድግዳ መቀባት አያስፈልገኝም። ሌሎች ልጆች የሚጥሉት ነጭ እርሳስም በእሱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እህቴ ስታየኝ ጮኸች፤ አገላብጣ ሳመችኝ። የመጣሁበትን ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

«እንዳታስመልሺኝ! እዚህ ቤቴ ነው። ደስ የሚል አድርገሽ ሥዪው፤ ሰማዩም ብራ ይሁን።»

«እሺ፣ እትዬ።»

የበዓል ቀሚሷን ለብሳ ግቢው መሐል ቆመች። ቤቱን ከወረቀቱ እምብርት ላይ አደረግሁት፤ እሷን ከፊቱ። ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ቀባሁት። እርሳሱ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ባሏ ከትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አየና «ፎቶ ቤት የገባች አስመሰልሻት!» ብሎ ሣቀ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ድንገት ደመና መጣ። ለወፍጮ የታጠበ ማሽላ ግቢው ውስጥ፣ በርበሬም በሩ አጠገብ ተሰጥቶ ነበር። እህቴ እየሮጠች ታፍሳለች፤ ባሏን ደግሞ ትቆጣለች።

«አንተ፣ እግርህ ተተክሏል እንዴ? ያዝ እንጂ!»

እሱ እየሣቀ አቁማዳውን ያዘላት። ዝናቡ አልመጣም። ጥላው ብቻ መጥቶ የሰነበተውን ሙቀት አነሣው። እህቴ ከደጇ ግራር ሥር ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠችና ሰፌዷን ይዛ እያንጎራጎረች ታበጥር ጀመር። ያን ቀን ወረቀት አላወጣሁም፤ ዝም ብዬ አየኋት።

ቤት ስደርስ እናቴ ሥዕሉን ተቀብላኝ ወደ በሩ ብርሃን ወጣች።

«ሰማዩ ምን ሆኖ ነው?»

«ጠርቶ ነው፣ እማዬ።»

«መጥራቱንማ አየሁት።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእኛ ደጋ ኅዳር ላይ ሰማይ እንዲህ ሲጠራ ማንም ደስ አይለውም። ማታ ውርጭ ይወርዳል፤ ያልደረሰ ገብስ ጠዋት ነጥቶ ይገኛል። ዘመሮ ገበያ ላይ ሰው ሲገናኝ እንኳ ሰላምታውን ሳይጨርስ «እናንተ ዘንድ ደመና አለ?» ይባባላል።

«እዚያ ውርጭ የለም፣ እማዬ» አልኩ በቀስታ።

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ሆዴ ግን አያውቅም።» ጣቷን እህቴ ላይ አሳረፈች። «ይቺስ ምን ትጠብቃለች? ደኅና ሰው ግቢ መሐል እንዲህ ተገትሮ ይቆማል? መርዶ የምትሰማ እኮ ነው የምትመስል።»

የምለው ነበረኝ፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። እናቴ ወደ አባባ ዞረች።

«ነገ በቅሎዋን ይጫኑ።»

«ገብሱን ውርጭ ቢመታውሳ?»

«ልጄን ከሚመታት እሱን ይምታው።»

በነጋታው አባባ ለበቅሎዋ ገብስ አፍስሰው የኮርቻውን አቧራ ሲያራግፉ፣ እኔ ሌላ ወረቀት ይዤ ግድግዳ ሥር ተቀመጥኩ። ቤቱን ከመሐል አንሥቼ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች አወረድኩት። የግራሩን ቅርንጫፍ ከላይ አምጥቼ እንደ ጋቢ ደረብኩለት። ለደመናው ከምድጃ ከሰል አምጥቼ በጣቴ አሸሁት፤ በላዩ ነጩን እርሳስ አስኬድኩበት። ደመናው ከበደ፤ ግን አላስፈራም፤ ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያቀፈ መሰለ። እህቴን ትንሽ አድርጌ፣ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ሰፌዷን እንደያዘች ግራሩ ሥር አስቀመጥኳት። በሩ አጠገብ የተሰጣውን በርበሬ ብቻ ቀይ አደረግሁት። ሰማያዊውን አልነካሁትም።

እናቴ አየችው። መጀመሪያ «ጀርባዋን ሰጠችን እኮ!» አለች። ቆየችና ፈገግ አለች። «ሥራ ላይ ናት። ወዲህ ለማየት ጊዜ የላትም።» ደግሞ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ይህንን ዓይተሽዋል? ወይስ እኔን ልታባብዪ ነው?»

«ዓይቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ስለ ደመናው፣ ስለ ማሽላው ሁሉንም ነገርኳት። ሥዕሉ ላይ እየጠቆምኩ ስለነበር ይመስለኛል፣ አፌ አልተያዘም።

«ባሏን ተቆጣችው?»

«‹እግርህ ተተክሏል እንዴ?› አለችው።»

«እሱሳ?»

«ሣቀ።»

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እንግዲያ ቤቷ ነው። ኮርቻውን ይመልሱት» አለች ለአባባ።

«በቅሎዋ ናት የቀናት» አሉ አባባ። «የመንገዷን ገብስ በልታ ቤቷ ዋለች።» ማጭዳቸውን አንሥተው ቀድማ ወደ ደረሰችው ቁራጭ ማሳ ወጡ።

እናቴ ሥዕሉን ከምሰሶው ላይ ሰካችው። «አሁን የእኛን ቤት ለእሷ ሥዪላት» አለችኝ። «እሷም ትይ እንጂ።»

ወረቀቴን ይዤ ደጅ ወጣሁ። ሰማዩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ነው፤ የእጅ መዳፍ የምታህል እንኳ ነጭ ነገር የለበትም። እህቴ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ ይህን ሰማይ ብልክላት ሌሊቱን እንደ እናቴ ስትገላበጥ ታድራለች። እርሳሶቼን እግሬ ሥር ደርድሬ ተቀመጥኩ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ እናቴ ከበሩ ሆና።

«ደመና።»

አልሣቀችብኝም። ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች፤ ዓይኗን በእጇ ከልላ ወደ ጓሳው ተራራ በኩል ታይ ጀመር።

«ያውና፣ አንዲት ብቅ እያለች ነው» አለች።