ያልደረሰው ሸርጣን

ኦም ሂስኪያ፣ «አጎት ሂስኪያ» እንደ ማለት ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሉደሪትዝ ወደብ ባህር ሎብስተር የሚባለውን የሸርጣን ዘመድ ሲያወጡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሳሎናቸው ውስጥ ትንሽ ባህር አበጁ። ባህሩ የመስታወት ገንዳ ነው። የሚያቀዘቅዘው ሞተር ከአሮጌ የአይስክሬም ፍሪጅ የተነቀለ ሲሆን፣ ሲነሳ ቤቱን ያንቀጠቅጣል። በገንዳው መሃል አንዲት ቀይ የባህር አበባ፣ አበባ የምትመስል እንስሳ፣ አለች፤ ሟች ባለቤታቸው ዶርቴያ በማርማላታ ቆርቆሮ ያመጣቻት። ከዶርቴያ የቀረቻቸው ነፍስ ያላት ነገር እሷ ብቻ ናት።

ታዲያ ይቺን አበባ አንድ ግራ እጁ የተቆረጠ ሸርጣን ይቦጭቃት ጀመር።

መያዙንስ ያዙት። ሊጨፈልቁት ሲሉ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የነሐስ ቀለበት መለኪያ ታያቸው። ዶርቴያ በሎብስተር ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ሳለች ትይዘው የነበረ ነው። በመለኪያው ሾልኮ ያለፈ ሁሉ ያልደረሰ ነውና ወደ ባህር ይመለሳል፤ በዚህ ነገር የገዛ ባሏን እንኳ ምራ አታውቅም። መለኪያው የሎብስተር እንጂ የሸርጣን አለመሆኑን ኦም ሂስኪያ አላሰቡትም። ለኩት፤ ሾለከ። ወደብ ወርደው ደረጃው ሥር ለቀቁትና፣ እግረ መንገዳቸውን ለገንዳው ውሃና የባህር ሣር በባልዲ ቀድተው ተመለሱ።

በሳምንቱ ያው ግራ እጅ የሌለው ሸርጣን አበባዋ ላይ ጉብ ብሏል። ለኩት፣ መለሱት፣ ቀዱ። እንደገና መጣ።

«ይሄስ ሰይጣን ነው» አሉ ለጎረቤታቸው ለሳቢና።

«የት ነው የሚጥሉት ኦም?»

«ደረጃው ሥር።»

«ውሃውንስ ከየት ይቀዳሉ?»

«ከዚያው፣ ከደረጃው ሥር።»

«እርስዎ ራስዎ ተሸክመው እያመጡት ሰይጣንን ለምን ያሙታል? ይጨፍልቁትና ይገላገሉ።»

«ያልደረሰ አይገደልም።»

«እንግዲያው ቀልበው ያድርሱታ!»

እሷ ቀልዷን ነበር። እሳቸው ግን ሰርዲን እየከተፉ ይቀልቡት ጀመር፤ ሌላ ቀዝቃዛ ውሃ ስለሌላቸውም እዚያው ገንዳ ውስጥ። ሸርጣኑ ሰርዲኑን በልቶ በአበባዋ ያወራርዳል። አበባዋ ወደ ማለቁ ስትቃረብ ሳቢና ጮኸችባቸው።

«ሕግ ሕግ ነው ካሉ፣ እሷንስ ለክተዋታል?»

ለክተዋት አያውቁም። አወጧት። ከውሃ ስትወጣ ተኮማተረችና በመለኪያው ሾልካ መዳፋቸው ላይ አረፈች። ያልደረሰች ነበረች። ያቺ ባሏን ያልማረች ሴት፣ አንድ ቀን እሳቸውን ደስ ይበላቸው ብላ ሕጓን አፍርሳ፣ በማርማላታ ቆርቆሮ ደብቃ አምጥታለች። ኦም ሂስኪያ እየሳቁ አለቀሱ።

አበባዋን ወደ ገንዳዋ መለሷት። ሸርጣኑን ግን እሳቸውም በተራቸው ሕጉን አፍርሰው ቀቀሉት፣ ለሳቢናም አንድ እግር ሰጧት። ሥጋ የሚባል አልነበረውም፤ ገና ነበር።