ዮናስ የተቆጣበት ገጽ

እታለም እምቢ ካለች እምቢ ናት። ይህን ባሏ መኩሪያ ያውቃል፣ የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ሰፈር ሐበሻ ያውቃል፣ ቸርቹም በሙሉ ያውቃል። ሁለት ልጆቿን ከትምህርት ቤት አስወጥታ ቤት ውስጥ ላስተምር ባለች ጊዜ ያልመከራት ሰው አልነበረም። «አንቺ ሴትዮ፣ አሜሪካ ድረስ መጥተሽ ልጅ ከትምህርት ቤት ታስቀሪያለሽ? ሰው ባሕር የሚሻገረው ለምን ሆነና?» አሏት። «ሰው ለምን እንደሚሻገር እኔ ምን አገባኝ! ልጆቹ የእኔ ናቸው» አለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ ወይ ፍንክች።

ነገሩ የጀመረው በባሮክ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትልቅ ሰው ሲያናግረው አንገቱን ደፍቶ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚመልስ፣ ልክ እታለም እንዳሳደገችው ያለ ጨዋ ልጅ። የክፍሉ አስተማሪ ግን እናቱን ጠርታ «ልጅሽ ሰው አያይም፣ አይናገርም፣ አንድ ችግር ሳይኖርበት አይቀርም፤ ልዩ እርዳታ የሚሹ ልጆች ክፍል ይግባ» አለቻት። የእታለም ደም ፈላ። «አንገቱን ስለደፋ ነው በሽተኛ የምትሉት? አክብሮት በሽታ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» በአማርኛ ነው ያለችው፤ እንግሊዝኛው በንዴት ጠፍቶባት። በዚያው ሳምንት ባሮክን አስወጣች፤ ታናሽ እህቱን ዝማሬንም ደረበቻት። ነገ እሷንም አንድ ነገር ይሏት ይሆናላ!

ከዚያ በኋላ ሚድ ሲቲ ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ትምህርት ቤት ሆነ። ሒሳቡንና ሳይንሱን ልጆቹ ከኮምፒዩተር ይማራሉ። የመጽሐፍ ቅዱሱን ነገር ግን እታለም ለማንም አትሰጥም። ለሁለቱም አንድ አንድ ዎርክ ቡክ አዘዘችላቸው፤ ታሪኩ ይነበባል፣ ከሥሩ ጥያቄ ይመጣል፣ ከጥያቄው ሥር ደግሞ ልጁ የሚጽፍበት ባዶ መስመር አለ። ማታ ማታ ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ትሠራለች። ጠዋት ደግሞ ማስመሪያዋን ይዛ የምግብ ጠረጴዛው ራስ ላይ ትቆማለች፤ ያያት ሁሉ ርዕሰ መምህር ናት የሚላት።

ታዲያ እሷ የተማረችው መምህሩ ሲናገር እየጻፈች፣ የጻፈችውን እየሸመደደች ነው። መጽሐፉ ደግሞ እንዲህ ያለውን ጉድ ይጠይቃል፦ ዮናስ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጣ፤ አንተስ ተቆጥተህ ታውቃለህ? ለምን?

«በኢየሱስ ስም!» አለች እታለም። «ልጅ በእግዚአብሔር ላይ ይቆጣል እንዴ? እነዚህ ፈረንጆች ምን ነካቸው?» ከዚያ ማስመሪያዋን እያወዛወዘች ለሁለቱም አስጻፈቻቸው፦ «በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቼ አላውቅም። ሁልጊዜ አመሰግነዋለሁ።»

«እማዬ፣ ጥያቄው እኮ እኛን ነው» አለች ዝማሬ።

«እኔም ለእናንተ እየመለስኩላችሁ ነው። ጻፊ!»

ጻፈች። ባሮክም አንገቱን ደፍቶ ጻፈ። መጽሐፉ ከገጽ እስከ ገጽ እንዲሁ ሞላ።

መኩሪያ ይህን ሁሉ ያያል። ዌስትውድ ሰፈር ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ የሰው መኪና ሲያቆም እንኳ በሩን ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ሰው ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢመለሱ ይወድ ነበር፤ ግን እታለምን ማን ይደፍራታል? ባሮክ አሥራ አንድ ዓመት ሞልቶት ስድስተኛ ክፍል፣ ሚድል ስኩል የሚገባበት ዓመት ደረሰ። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው መኩሪያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። በገዛ ሚስቱ ላይ ሽማግሌ ላከ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ጸጋዬ ገቡ፤ የቸርቹ ሽማግሌ ናቸው፣ እነሱን ያጋቧቸውም እሳቸው። ከኋላቸው እትዬ ቦሰና፣ እታለም መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ስትደርስ ቤታቸው ያስቀመጧት። እታለም ወደ ባሏ ዞረች። «ከጎኔ ተኝቶ የሚያድር ሰው ሽማግሌ ይልክብኛል? ጉድ በል!» መኩሪያ ሶፋው ጥግ ተቀምጦ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ጋሼ ጸጋዬ በጸሎት ከፈቱ፤ ጸሎቱ ራሱ ግማሹ ምክር ነበር። አሜን ከተባለ በኋላ «እታለም ልጄ፣ ተይ እንጂ። እልህሽን ተወጥተሻል። አሁን ልጆቹ ወደ ትምህርታቸው ይመለሱ» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ልጆቼ ምን ጎደላቸው? ይፈትኗቸው! ባሮክ፣ ዝማሬ፣ መጽሐፋችሁን አምጡ!»

ጋሼ ጸጋዬ መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዕድል የዮናስን ገጽ ገለጡና ጥያቄውን አነበቡ። ባሮክ አንገቱን ደፍቶ መልሱን በቃሉ ወጣው። ዝማሬም ደገመችው፤ አንዲት ቃል አልጎደለችም። «ጎበዝ! ተባረኩ!» አሉ ጋሼ፤ ለእሳቸው ሁለት ልጅ አንድ ዓይነት ከመለሰ መልሱ ትክክል ነው። እንዲያውም መኩሪያን «ታዲያ ምን ጎደለ?» በሚል ዓይን አዩት። እታለም ደረቷን ነፋች።

እትዬ ቦሰና ግን ሁለቱን መጽሐፎች ጎን ለጎን አድርገው ይገልጡ ነበር። «ቆይ እስቲ፣ እነዚህ ልጆች በአንድ ልብ ነው እንዴ የሚያስቡት?»

«እማዬ ናት ያጻፈችን» አለች ዝማሬ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እታለም ልጇን በዓይኗ ልትውጣት ደረሰች። እትዬ ቦሰና ወደ ባሮክ ዞረው «ባሮክዬ፣ አንተ ብትጽፈው ኖሮ ምን ትል ነበር?» አሉት።

ባሮክ ቀና አለ። «ተቆጥቻለሁ» አለ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየ። «እማዬ ከስኩል ስታስወጣኝ። እንዳታስወጣኝ ፕሬይ አድርጌ ነበር። ጌታ አልሰማኝም። ሶ፣ ተቆጣሁ። እስካሁን ተቆጥቻለሁ።»

«አንተ!» ጋሼ ጸጋዬ ጮኹ። «በእናትህ ፊት፣ በጌታ ላይ እንዲህ ይባላል? ዝም በል! ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም!»

እታለም ለዚህ ልጅ ብላ ከዓለም ጋር ስትጣላ ከረመች፤ ለካ ዋናው የተበደለው እሱ ራሱ ነው። አፈረች። አሁን ሽማግሌው ዝም ቢያሰኙላት ነገሩ ተዳፍኖ ይቀር ነበር። ንዴቷ ግን ብድግ ብሎ ማንም ወዳልጠበቀው አቅጣጫ ሄደ።

«ይናገር!» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ በእኔ ቤት ልጄን ዝም በል የሚል የለም። አይናገርም ስላሉት ተጣልቼ፣ ሲናገር እኔው ላፍነው ነው? ዛሬ ልጅ ያቦካው ይበቃል!»

«ጸጋዬ፣ አንተ ደግሞ!» አሉ እትዬ ቦሰና ሳቃቸው እያመለጣቸው። «ልጁ እኮ የሚመሰክረው ለእኛ ነው፤ ምን ታስቆመዋለህ?»

እታለም ልጇ ፊት ተንበረከከች። «መመለስ ትፈልጋለህ?»

«አዎ።»

«እኔ ጋ መማር ጠልተህ ነው?»

«ኖ። ጓደኛ ስለሌለኝ ነው።»

እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ኦኬ። ትሄዳለህ።»

«ተመስገን!» አለ መኩሪያ ከሶፋው እየተነሣ።

«እኔ ግን አልሄድም!» አለች ዝማሬ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» ጋሼ ጸጋዬ አፋቸውን ከፈቱ፣ አሰቡበት፣ መልሰው ዘጉት። «እዚሁ ነው የምማረው። መልሱን ግን ራሴ ነኝ የምጽፈው።»

«የማን ልጅ እንደሆነች መጠየቅም አያስፈልግ!» አሉ እትዬ ቦሰና። እታለም እያለቀሰች ሳቀች።

እንግዶቹ ሲሄዱ መኩሪያ ቀስ ብሎ ቀረባት። «ስለተስማማሽልኝ አመሰግናለሁ።»

«ለአንተ? ለአንተማ አልተስማማሁም! ለሽማግሌዎችህም አይደለም። ልጄ በአፉ ጠየቀኝ፣ ሰጠሁት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ደፍሮ የነገረኝን፣ አንተ ምን ይዞህ ነው ሰው የምትጎትትብኝ?»

«እፈራሻለሁ እኮ» አለ መኩሪያ።

እታለም ይህን አልጠበቀችም።

«ፍራኝ» አለችው። «ግን እየፈራህም ቢሆን ንገረኝ።»