ከመነዳሪ ፍለጋ ሮም ውስጥ

ዛሬ የአትክልት ውኃ ቱቦ ልጠግን ሱቅ ገብቼ «ከመነዳሪ አለህ?» ስለው ሻጩ ግራ ገብቶት «የብስክሌት ነው የመኪና?» አለኝ።

ቶር ፒኛታራ ሰፈር የማስታምማቸው ሲኞራ ጓሮ፣ ቲማቲሙን የሚያጠጣው ፕላስቲክ ቱቦ ተሰንጥቆ ነው። አገር ቤት አባዬ ቱቦ ሲቀደድ የአሮጌ ጎማ ከመነዳሪ ሸንሽኖ ጥብቅ አድርጎ ያስረው ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝም እሱ ነው።

ለካ ቃሉ የጣልያን «ካሜራ ዳሪያ» ኖሯል! እኔ እኮ የአባዬ ይመስለኝ ነበር።

አሎራ፣ እንግዲህ ሰውዬው እየሳቀ የቱቦ መጋጠሚያ ሰጠኝ። የተሰነጠቀውን ቆርጬ አወጣሁ፣ ሁለቱን ጫፍ መጋጠሚያው ውስጥ ከትቼ ዳዶዎቹን በእጄ አጠበቅኩ። (ዳዶም የእነሱ ነው። ዛሬ ምንም አላስተረፉልኝም።)

ውኃው ሲለቀቅ ጠብ የሚል የለም። ሲኞራ «ብራቫ!» አሉኝ።

እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ጠብታ እፈልጋለሁ።

የአባዬ ቱቦ ሁሌ ጤና አዳሙ ሥር ያንጠባጥብ ነበር። እማዬ ስትቆጣው «ተይው፣ ጤና አዳሙ ይጠጣበት» ይላታል።

እሱ ካረፈ በኋላ ወንድሜ ቱቦውን በአዲስ ቀየረው። ጤና አዳሙም ደረቀ።

እናንተስ ቤት አባት የጠገነው፣ እስካሁን የሚያንጠባጥብ ነገር አለ? ንገሩኝ እስቲ። ካለ ግን አደራ፣ እንዳትጠግኑት።