ሽሮ ደብቀን የሄድንበት ማኅበር

ባለፈው ሳምንት ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ላፍቶ በሚኒባስ ስሄድ ከሾፌሩ ራስ በላይ ሁለት ጽሑፍ ተለጥፎ አየሁ። የላይኛው በትልቁ «በእግዚአብሔር ታመኑ» ይላል፤ የታችኛው «ሞባይልዎን ከሌባ ይጠብቁ»። አንብቤ ስጨርስ እጄ የት እንደነበር ልንገራችሁ? ኪሴ ውስጥ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ይህን አይተው የራሳቸውን ኪስ ያዙ፤ ለካ እሳቸው የጠረጠሩት እኔን ነው። እንዲህ ስንጠባበቅ ላፍቶ ደረስን። ስወርድ እትዬ ጽጌ ትዝ አለችኝ።

ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ላፍቶ ያኔ ግማሹ እርሻ ነበር። በታኅሣሥ ጤፉ ሲወቃ ገለባው በነፋስ እየመጣ ምሳችን ላይ ይሰፍራል። የአቧራውን ነገር አታንሱብኝ፤ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ለብሶ የወጣ ሰው ማታ ሲመለስ የገዛ እናቱ «ማንን ፈልገህ ነው?» ትለዋለች። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሥራ የምፈልግ፣ እውነቱን ለመናገር ሥራው እንዲፈልገኝ የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ።

እናቴ በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ የሚሰበሰብ የገብርኤል ጽዋ ማኅበር ነበራት። አባላቱ በየተራ በቤታቸው ይደግሳሉ፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ ስትስቅ የማያት በዚያ ቀን ብቻ ነበር።

እትዬ ጽጌ ደግሞ ከወሎ መጥታ፣ ከኛ ጀርባ ባለው ግቢ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታ፣ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ብቸኛ ሴት ነበረች። ማኅበሩ ውስጥ ያስገባቻት እናቴ ናት፤ ዋስ ሆና። በኅዳሩ ማኅበር ላይ ታዲያ ሰው ሁሉ ሊበታተን ሲል ይቺ ሴት ብድግ አለችና «ጽዋውን ለኔ ስጡኝ» አለች።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጽጌ፣ ተራሽ እኮ ገና ነው። ትንሽ ተደላደዪና...»

«መቼ እንደምደላደል ማን ያውቃል ጋሼ? ግድ የለም ስጡኝ።»

«በምንሽ ልትደግሺ?»

«እሱ ያውቃል።»

በኛ ሰፈር ይህ ቃል ሲነገር ሁሉም ሰው ይደነግጣል። ግንበኛህን «መቼ ትጨርሳለህ?» ብለኸው «እሱ ያውቃል» ካለህ፣ ያ ቤት የሚያልቀው ለምጽአት ነው። ጽዋውን ግን ጠይቃ መከልከል ነውር ሆነባቸውና ሰጧት።

ከማግስቱ ጀምሮ ወሬው ተነሳ። አንዷ ጽዋውን ይዛ ልትጠፋ ነው አለች። ሌላዋ ደግሞ የተደበቀ ሀብት አላት፣ ጥጡ ለሽፋን ነው አለች። ጋሽ ደምሴ «ለጤንነቴ ነው» እያሉ በግቢዋ በር መመላለስ ጀመሩ። እኒህ ሰው በዕድሜያቸው ለጤንነት ብለው ከአልጋ ወርደው እንኳ አያውቁም።

እናቴ እንቅልፍ አጣች። «ዋሷ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሰዉ ባዶ መሶብ ከቦ ቢነሳ፣ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ ነው ማኅበር የምገባው? መቅረቴ ነው። እስቲ ሄደህ አሽትት።»

ሄጄ አሸተትኩ። ጌሾ የለም። ብቅል አልተሰጣም። እንስራ የሚታጠንበት ወይራም የለም። ያሉት እንዝርትና እትዬ ጽጌ ብቻ ናቸው።

«እትዬ ጽጌ፣ እንጨት ልፍለጥልሽ?»

«ምን እንጨት አለኝና ነው የምትፈልጠው?»

«ለድግሱ ብዬ ነዋ።»

«እናትህ ናት የላከችህ?» እንዝርቷን ሳታቆም ሳቀች። «አታስቢ በላት። ብቻ ትምጣ። አንተም ና፣ አንተ ሰላይ።»

ከሁሉ ይበልጥ ያስጠረጠረኝ ያ ሳቅ ነው። ምንም የሌለው ሰው እንዲህ አይስቅም።

የገብርኤል ዕለት እናቴ፣ ጾም ስለሆነ፣ ሽሮ ሠርታ ድስቱን በፎጣ ጠቀለለችና ሰጠችኝ። «በጃኬትህ ሸፍነው። ድግስ ካላት እንዳታወጣው፣ ማዋረድ ይሆናል። ከሌላት እኔ ስስል ታወጣለህ።»

ሽሮው ገና ይንተከተካል። እኔ እንደሆንኩ ኤርታሌን ሆዴ ላይ አቅፌ ላፍቶን አቋረጥኩ። ግቢው በር ላይ ጋሽ ደምሴን አገኘኋቸው። ካፖርታቸው ከፊት አብጦ ምጥ የመጣባት ሴት መስለዋል።

«ምን ሆነህ ነው የጎበጥከው?» አሉኝ በጥርጣሬ።

«ሆዴን አሞኝ ነው። እርስዎስ ምነው በዚህ ፀሐይ ካፖርት?»

«በርዶኝ ነው» አሉ። ብርዱ ከካፖርታቸው ውስጥ ቦጭ ቦጭ ይላል።

ሴቶቹም ተከትለው ገቡ። ጋቢ የማይደርቡት ደርበዋል፤ አንዷማ ያለ ዝናብ ጥላ ዘርግታ ከሥሩ የሆነ ነገር አቅፋለች። ሁሉም እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ማንም ማንንም አያምንም፤ ግን ሁሉም የየራሱን ጉድ ይዞ ስለመጣ ደፍሮ የሚጠይቅ ጠፋ።

ቄሱ ጸሎት አድርሰው መሶቡ እንዲከፈት አዘዙ። አንገታችንን አሰገግን። እትዬ ጽጌ ክዳኑን አነሳች። አንድ ድፎ ዳቦ፣ በኮባ የተጋገረ፣ መልኩ የሚያምር። ሌላ ምንም የለም።

«ያለኝ ይሄ ነው» አለች። ዓይኗን አልሰበረችም፣ ድምጿ ግን ተንቀጠቀጠ። «ከመጣሁ ጀምሮ የበላሁት ብቻዬን ነው። የጠገብኩ ቀንም ብቻዬን። አንድ ቀን ቤቴ ሰው ይብላልኝ ብዬ ለመንኩት። የጎደለውን እሱ ያውቃል።»

እናቴ ሳለች። ገና ጃኬቴን ሳልከፍት ሌላዋም ሳለች፤ ከማዶም ተሳለ። ለካ ሁሉም ቤት የተማከረው በሳል ኖሯል! ክፍሏ በአንድ ጊዜ የሳንባ ሕሙማን ማረፊያ መሰለች። ካፖርት ተፈታ፤ ጋቢ ተገለጠ። ሽሮ ወጣ። ሌላ ሽሮ ወጣ። እንደገና ሽሮ። ጋሽ ደምሴ የጠላ ጀሪካናቸውን እንደ አራስ ልጅ አቅፈው አወጡ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ አፍሮ ወደ መሬት አየ።

ቄሱ ድስቶቹን አንድ በአንድ ቃኟቸው። «እምነታችሁ ነው እንጂ ያነሰው» አሉ፣ «ሽሮውስ አላነሰም።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳቅ ብስራተ ገብርኤል ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም። ዳቦ በሽሮ በላን። የተረፈው ሽሮ ላፍቶን በሙሉ እስከ ገና ባያደርስ ከምላሴ ጸጉር ይነቀል። እናቴ ነጠላዋ ወድቆ እስኪረገጥ ሳቀች። እትዬ ጽጌም ከዚያ ወዲያ ብቻዋን በልታ አታውቅም።

የኔ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። ጥግ ላይ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ ከጎናቸው ከየጎረቤቱ የተዋሰቻቸው ጭልፋዎች። ወጥ የሌለበት ቤት ጭልፋ ምን ይሠራል? ጠጋ አልኳት።

«እትዬ ጽጌ፣ እንደምናመጣ ታውቂ ነበር አይደል?»

«እኔ በምን አውቄ?»

«ጭልፋውስ?»

«ጭልፋ መዋሱማ የኔ ድርሻ ነው» አለችና በትልቁ አጎረሰችኝ፤ ዝም እንድል ይመስለኛል።

እስከ ዛሬ እጠረጥራታለሁ። ያመነችው አምላኳን ነው ወይስ የሰፈሩን ተጠራጣሪነት? አንዳንዴ ሁሉንም አስልታ ነው እላለሁ። ደግሞ ድምጿ ትዝ ይለኛል። ያሰላ ሰው ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ባናመጣ ኖሮ ያንን ሁሉ ባዶ ጭልፋ ደርድራ ፊታችን መቆሟ ነበር።

እኔም ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ እጾማለሁ፣ እጸልያለሁ፣ በፈጣሪ እታመናለሁ ብዬ ደረቴን እነፋለሁ። ቤቴ የጎደለ ዕለት ግን ሰው እንዳይመጣብኝ የለሁም አስብላለሁ። እግዚአብሔርንማ አምናለሁ፤ የምጠረጥረው ጎረቤቴን ነው። እትዬ ጽጌ እኮ ሁለቱን ለይታ አታውቅም ነበር።