ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ

የብልባላዋ እትዬ ገለቴ ሰው በቀላሉ አያምኑም። ሰው ሲስቅላቸው እንኳ፣ «ምን ፈልጎ ነው?» ይላሉ።

በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀበሌያችን ሲገባ፣ ወጣቱ አስተማሪ፣ «ጓዶች፣ ክብ ሠርታችሁ ተቀመጡ። እዚህ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት አለንጋ የለም፤ ያሻችሁን በነፃነት ተናገሩ» አለን። እኔ ደስ አለኝ። እትዬ ገለቴ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምን ተሰርቆ ነው?» አሉኝ።

በአገራችን ሰው ተሰብስቦ ክብ ተቀምጦ «ተናገር» የሚባለው አውጫጭኝ ላይ ነው። ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

«ኧረ ትምህርት ነው!» ብዬ ተቆጣሁ።

«ልጄን ያስተማሩት የኔታ አለንጋቸው እሳት ነበር፤ በራቸው ግን ክፍት ነው። የመረረው ይሄዳል» አሉና ብድግ አሉ። «አንተ ልጅ፣ ያሻችሁን ካልክ፣ እኔን ያሻኝ ገብሴን ማጨድ ነው። ልሂድ?»

አስተማሪው ፈገግ አለ። ወዲያው በሩ ላይ ጠመንጃ ይዞ የቆመውን የአብዮት ጥበቃ አየና ፈገግታው ጠፋ።

«ይቀመጡ፣ እማማ።»

ተቀመጡ። ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «የተሰረቀውስ በሩ ነው» አሉኝ።