ሲሞት አላየሁም

ባልደረባዬ ባሮ ወንዝ ውስጥ የቀረው መስከረም ሲጠባ፣ የተማሪ ምዝገባ በጀመርንበት ሳምንት ነው። እሱ የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ እኔ አማርኛ አስተምራለሁ። እሱ አኙዋ ነው፤ እዚሁ ጋምቤላ ተወልዶ ያደገ ፕሮቴስታንት። እኔ ከደጋ መጥቼ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ የኖርኩ ኦርቶዶክስ ነኝ። ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ ግቢያችንን የሚለየው አንድ አጥር ነው። ከሥራ ስንመለስ ስለ ጾም፣ ስለ አማላጅነት፣ ስለ ጥምቀት እንከራከራለን። አንድም ቀን ተሸናንፈን አናውቅም። ደጃፋችን ስንደርስ "በል፣ የቀረውን ነገ" ተባብለን እንገባለን።

ያኔ እኔ ምክር አዋቂ ነበርኩ። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ስለ እምነትና ስለ ዕለት ኑሮ በየሳምንቱ አስተምር ነበር። ለተጣሉ ባልና ሚስት፣ ሥራ ላጣ፣ ልጅ ለሞተበት፣ ለሁሉም የሚሆን ቃል ከአፌ አይጠፋም። አንድ እሁድ ስለ ሐሰት ምስክርነት ሳስተምር "ለበጎ የሚባል ውሸት የለም" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ሰዎች በመውጫው ላይ ጨብጠው አመሰገኑኝ። እኔም ደስ አለኝ።

የዚያን ቀን ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር። ምዝገባውን ጨርሰን ስንወጣ "ና፣ ልታጠብና እንሂድ" አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚታጠብበት ቦታ ነው፤ ድሮ መርከብ ይቆምበት ከነበረው ወደብ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ሴቶች ልብስ እያጠቡ ነበር። ወንዙ ሞልቶ ጭቃ መስሏል፤ ቅርንጫፍ ይዞ ይወርዳል።

"ዛሬ ውሃው አላማረኝም" አልኩት።

"አንተ ደገኛ፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ውሃም ያስፈራሃል" ብሎ ሳቀብኝ። ሸሚዙንና ጫማውን አስያዘኝና ገባ።

አንዴ ጠልቆ ወጣ። ፊቱን በእጁ ጠረገና ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ የውሃው ድምፅ ዋጠው፣ አልሰማሁትም። ደግሞ ጠለቀ። ሊያስፈራራኝ መስሎኝ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁ። ፈገግታዬ ፊቴ ላይ እንዳለ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ከነጫማዬ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ጅረቱ እግሬን ሲጎትተው ተሰማኝና ቆምኩ። ዋና አልችልም። ቆሜ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ እየቀላቀልኩ ጮህኩ። ሴቶቹ ጩኸቴን ሰምተው እነሱም ጮኹ፤ ከማዶ ዓሣ አጥማጆች ታንኳቸውን እየቀዘፉ መጡ። ሸሚዙ በእጄ ነበር።

አምስት ቀን ፈለጉት። አዞ ይሁን፣ ግንድ መቶት ይሁን፣ ጅረቱ ወደ ታች ወስዶት ይሁን፣ ማንም የሚያውቅ የለም። እኛ ዳር ላይ ተቀመጥን። ሚስቱ ገጠር፣ ጎግ ወረዳ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ የለመደችው እዚህ ከመጣች በኋላ ገበያ ላይ ነው። በመጀመሪያው ቀን ፊቴ መጥታ ቆመች።

"አንተ ነበርክ?"

"ነበርኩ፣ እህቴ።"

"ጠርቶሃል?"

"አልጠራኝም።"

"አንተስ ገባህ?"

"እስከ ጉልበቴ።"

ዝቅ ብላ ጉልበቴን አየችው። ከዚያ ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እሷ አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ከውሃው ላይ አላነሳችም።

የሰንበት ትምህርት ቤት ሰዎች ሊያጽናኑኝ መጡ። ሁሉም ፈቃዱ ነው፣ እሱ ያውቃል፣ ለበጎ ነው አሉኝ። የራሴ ቃላት ነበሩ። እኔ ለስንቱ ሐዘንተኛ እንዲህ ብዬ፣ ሻዬን ጠጥቼ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እንደተመለስኩ ትዝ አለኝ። አንገቴን እየነቀነቅሁ "አሜን" አልኳቸው። በስድስተኛው ቀን አጥማጆቹ መረባቸውን ሰበሰቡ። የሚቀበር ስለሌለ፣ መቼ ተነስተን ወደ ቤት እንደምንሄድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ ወደ ቤቴ መጣች። የጡረታውም የቤቱም ጉዳይ የሞት ማስረጃ አምጪ እየተባለ ቆሟል። ማስረጃ የሚሰጠው ቢሮ ደግሞ አስከሬን ስለሌለ ወደ ፍርድ ቤት ልኳታል።

"ዳኛዋ ያየ ሰው አምጪ አለችኝ" አለች። "ያየህ አንተ ነህ።"

"እሺ እህቴ፣ እመጣለሁ። ምን ልበል?"

"ሞተ በል። ሌላ አትበል።"

ሦስት ቀን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ሞቷል፤ ይህን ልቤ ያውቃል። ግን የሚጠየቀው ያየሁት ነው፤ እኔ ያየሁት ደግሞ ውሃ ብቻ ነው። የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና "ያየኸውን ተናገር፣ ልጄ" አሉ።

"ከዚያስ አባቴ? እሷስ?"

ጢማቸውን ዳሰሱ። "እሱን እኔም አላውቅም" አሉ። ሰው ያጽናናኝበትን ሁሉ ረስቼ ይህችን ብቻ አስታውሳለሁ፤ ከምክር ሁሉ እውነተኛዋ እሷ ነበረች።

ፍርድ ቤት ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልኩ። ዳኛዋ ወረቀታቸውን እያዩ "መምህር፣ ሰውየው ሲሞት አይተዋል?" አሉኝ። አዎ ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። ሚስቱ ከኋላዬ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

"ሲጠልቅ አይቻለሁ" አልኩ። "ሲወጣ አላየሁም። ሲሞት አላየሁም።" ወዲያው ደንግጬ "ግን ሌላ ሊሆን አይችልም፣ የተከበሩ ዳኛ፣ ሞቷል" ብዬ ጨመርኩ።

"ግምትዎን አልጠየቅንዎትም" አሉ። ሌላ ማስረጃ እንዲቀርብ ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ደጁ ላይ የማንጎ ጥላ ሥር ጠበቀችኝ። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝግ ያለ ነው።

"ስለ እግዚአብሔር ነው እንዲህ ያልከው?"

"አዎ፣ እህቴ። ምዬ ነው። መዋሸት…"

"እግዚአብሔር አይቶታል አይደል?"

"አይቶታል።"

"ታዲያ እሱ ለምን አይመሰክርልኝም?"

መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን ሰብስባ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሰላምታዬን አትመልስም። ጠዋት በአጥሩ ላይ "እንዴት አደራችሁ" ስል ወደ ቤት ትገባለች። የልጆቿን ደብተር ልይ ብዬ ብሄድ ትልቋ በሩን ገርበብ አድርጋ "እማዬ አትግባ ብላለች" አለችኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ርዕስ ጠፋብኝ ብዬ ማስተማሩን ተውኩት። ትክክል እንዳደረግሁ አምናለሁ፤ ዛሬም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ። ግን ትክክል ማድረግ እንዲህ ሰው እንደሚያስርብ፣ በልጅ እጅ በር እንደሚያዘጋ ማንም አልነገረኝም። እኔም ለማንም አልነገርኩም።

የቻልኩት አንድ ነገር ነበር፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ወደ ወንዙ እየወረድኩ ያኔ እሱን የፈለጉትን አጥማጆች አፈላለግሁ። ወጣቶቹ ፍርድ ቤት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ይሸሻሉ። ከመካከላቸው ሽማግሌው ዓሣ ተከትሎ ወደ ኢታንግ ወርዷል አሉኝ። በጋው ገብቶ ውሃው ሲጎድል ተመልሶ መጣ። ጉዳዩን ስነግረው ለመነሳት አላመነታም፤ "ሚስቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ጠበቀች?" ብቻ አለ።

በአስተርጓሚ መሰከረ። አምስት ቀን እስከ ታች ድረስ እንደፈለገ፣ ባሮ በዚያ ሙላት የያዘውን ሰው በሕይወት እንደማይመልስ፣ ይህንንም ዕድሜ ልኩን እንዳየ ተናገረ። እኔ ያላየሁትን እሱ ከወንዙ ጋር ኖሮ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ መሞቱን ወሰነ።

ማስረጃው የወጣ ዕለት ከቀትር በኋላ ወደ ግቢዬ ገባች፤ ከችሎቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

"አማርኛ ማንበብ አልችልም። አንብብልኝ።"

ልጆቿ ማንበብ ይችላሉ፤ ልታስነብባቸው እንዳልፈለገች ገባኝ። ማኅተሙን፣ ቁጥሩን፣ የእሷን ስም አነበብኩ። የእሱ ስም ጋ ስደርስ ቆምኩ።

"ምን ይላል?"

"ሟች ይላል።"

"ድገመው።"

"ሟች" አልኩና ስሙን ከነአባቱ አነበብኩላት።

ከቆመችበት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ወንዝ ዳር አምስት ቀን ያላለቀሰችው አሁን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እጄን ወዴት እንደማደርገው አላወቅሁም። ትከሻዋን ልነካ አልደፈርኩም፤ አጠገቧ አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንፋሿ ሲመለስ፣ ሳታየኝ፣ "ያኔ ሞተ ብትል ያኔ አለቅስ ነበር" አለች። "ስድስት ወር በሩን ሳልቆልፍ ተኛሁ።"

ልጆቿ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ አብረን እዚያው ተቀምጠን ቆየን።